የኤአር-15 በፈር ምርጫ፦ ካርቢን፣ ኤች፣ ኤች2 ወይስ ኤች3?

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። 16 ኢንች በርሜልና መካከለኛ የጋዝ ቱቦ ላለው ኤአር-15 ጠመንጃ ኤች የተባለው በፈር (በሰደፉ ውስጥ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንቀሳቀሰው ክብደት) ይበቃል። በርሜሉ ያው 16 ኢንች ሆኖ የጋዝ ቱቦው አጭሩ የካርቢን ከሆነ ኤች2 ይሻላል። ኤች3 በእርግጥ የሚያስፈልገው ጠመንጃ ጥቂት ነው፤ ያለ ኤች3 አልገራ ያለ ጠመንጃ ሲያጋጥም አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ያለው ጋዙ ላይ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ለሚገዛ ሰው ግን የምንመክረው ከሦስቱ አንዱን ነጥሎ እንዲያነሣ አይደለም። አንድ ቀፎ ከሦስት የብረትና ከሦስት የተንግስተን ክብደቶች ጋር በአንድነት የሚሸጥበት ስብስብ አለ፤ እሱን ይውሰድ።

በፈር ማለት በሰደፉ ቱቦ ውስጥ ከሞላው ጋር የሚኖረው የአልሙኒየም ቀፎ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ በርሜሉ ላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ጋዝ ቱቦው ይገባና ወደ ኋላ ተመልሶ የቦልት ተሸካሚውን ይገፋል። ተሸካሚው ሲያፈገፍግ ቦልቱን፣ ማለትም መዝጊያውን፣ አዙሮ ከተቆለፈበት ያላቅቀዋል፤ ጥፍሩ ቀለሁን ጎትቶ ያወጣል፤ ተሸካሚው በፈሩን እየገፋ ሞላውን ይጨምቃል። ሞላው መልሶ ሲወረውረው ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። በዚህ ሁሉ ጉዞ የበፈሩ ክብደት ከተሸካሚው ክብደት ጋር ተደምሮ ነው የሚቆጠረው። የሚንቀሳቀሰው ክብደት ሲጨምር ያው የጋዝ ግፊት የሚያስገኘው ፍጥነት ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ በመጉረሻው (ጥይቱ በሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል) ውስጥ ያለው ግፊት ለመውረድ፣ በግፊቱ ያበጠው ቀለህም ከግድግዳው ለመላቀቅ ትንሽ ፋታ ያገኛል። የካዝናው ሞላም ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ለማንሣት ጊዜ ይኖረዋል።

ሁለተኛም ሥራ አለው። መደበኛውን የካርቢን በፈር ጆሮዎ ላይ ይዘው ቢያንቀሳቅሱት ቀጭ ቀጭ ይላል። ውስጡ ያሉት ሦስት ክብደቶች በመጠኑ ይንሸራተታሉ፤ በመካከላቸው ስስ የጎማ ንጣፎች አሉ። ቦልቱ ወደ ፊት ሄዶ ሲጋጭና ወደ ኋላ ሊነጥር ሲል እነዚህ ክብደቶች ትንሽ ዘግይተው ደርሰው ይገጩትና ንጥረቱን ይገድሉታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በመጀመሪያዎቹ ኤም16ዎች ላይ የነበረው ቀላል በፈር በዚህ ዓይነቱ የተተካው የባሩዱ ዓይነት ተቀይሮ የተኩሱ ፍጥነት ከልክ በላይ ስለጨመረ ነው። ይሁንና የቦልት ንጥረት ዋና ችግር የሚሆነው በሙሉ አውቶማቲክ ተኩስ ነው። በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ምላጩ እስኪለቀቅና እንደገና እስኪሳብ ቦልቱ ረግቶ ይጠብቃል። ስለዚህ «ንጥረትን ያስቀራል» የሚለው ማስታወቂያ ለብቻው ዋጋ ሊያስጨምር አይገባም።

የክብደት ደረጃዎቹ እንዲህ ናቸው። መደበኛው ካርቢን 3 አውንስ ማለትም 85 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሦስቱም ክብደቶቹ ብረት ናቸው። ኤች አንዱን ብረት በተንግስተን ተክቶ 3.8 አውንስ ወይም 108 ግራም ገደማ ይሆናል። ኤች2 ሁለት ተንግስተን ይዞ 4.6 አውንስ ወይም 131 ግራም አካባቢ፣ ኤች3 ደግሞ ሦስቱንም ተንግስተን አድርጎ 5.4 አውንስ ወይም 153 ግራም አካባቢ ነው። ተንግስተን በተመሳሳይ መጠን ከብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ እያንዳንዱ ቅያሪ 23 ግራም ገደማ ይጨምራል። በቋሚ ሰደፍ ውስጥ የሚገባው ረጅሙ የሪፍል በፈር 5 አውንስ ወይም ከ142 ግራም ትንሽ አለፍ ይላል። ለማነጻጸሪያ ያህል የአሜሪካ ጦር ኤም4 ኤች፣ ኤም4ኤ1 ደግሞ ኤች2 ይዘው ነው የሚመጡት፤ ሁለቱም አጭር የካርቢን ጋዝ ያላቸው ናቸው።

እነዚህ ቁጥሮች ከአምራች አምራች በጥቂት ግራም ይለያያሉ። ችግሩ ቀፎው ላይ ኤች2 ተብሎ ተቀርጾ ውስጡ ሌላ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ በርካሽ ዕቃ ላይ ብርቅ አይደለም። በግራም የሚለካ የኩሽና ሚዛን ይህን በአንድ ደቂቃ ይፈታል። ክብደቱን በቁጥር ሳይገልጽ «ከባድ በፈር» ብሎ ብቻ የሚሸጥ ሻጭ ካለ ይለፉት። በተንግስተን ዱቄት የተሞሉም አሉ። ዱቄቱ ንጥረትን በደንብ ይገድላል፤ ነገር ግን ተከፍቶ ክብደቱ የሚቀየር ስላልሆነ ለምርመራ አይመችም።

አሁን ወደ ምርጫው። ወሳኙ ነገር የጋዝ ቱቦው ርዝመትና የቀዳዳው ስፋት ነው፤ በርሜሉ ከነሱ ቀጥሎ ይመጣል። የካርቢን ጋዝ ቱቦ ቀዳዳ ከመጉረሻው በ7 ኢንች አካባቢ፣ የመካከለኛው በ9፣ የሪፍሉ በ12 ኢንች አካባቢ ይገኛል። ቀዳዳው ለመጉረሻው በቀረበ ቁጥር የሚያገኘው ጋዝ የበለጠ ግፊትና ሙቀት አለው። ለዚህ ነው የኤም4 ቀዳዳ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ የ20 ኢንቹ ኤም16ኤ2 ቀዳዳ 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው። ሁለተኛው ደግሞ ጥይቱ ቀዳዳውን ካለፈ በኋላ እስከ አፈሙዙ የሚቀረው ርቀት ነው፤ ረጅም ከሆነ ጋዙ ለረጅም ጊዜ ይገፋል። 16 ኢንች በርሜል ላይ የካርቢን ጋዝ ሲገጠም ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ግፊቱም ይበዛል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ብዙ የሲቪል አምራቾች በዚያ ላይ ጠመንጃው ደካማውንም ጥይት አብልቶ እንዲሠራ ብለው ቀዳዳውን ከሚያስፈልገው በላይ ያሰፉታል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ከፋብሪካ 85 ግራሙን በፈር ይዞ ሲወጣ የሚራገጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኤች2 እዚህ ላይ ዋጋውን ይመልሳል።

መካከለኛ ጋዝና ልከኛ ቀዳዳ ካለ ግን ከኤች በላይ መሄድ ብዙ አያተርፍም። 20 ኢንች ከሪፍል ጋዝና ከቋሚ ሰደፍ ጋር ከሆነ የራሱ የሪፍል በፈር አለውና አይንኩት። 20 ኢንቹን በሚያጥርና በሚረዝም ሰደፍ ሲያደርጉት ኤች ጥሩ መነሻ ነው።

ከመግዛት በፊት ግን በፈሩ ተጠያቂ መሆኑ ይረጋገጥ። ከተሸካሚው በላይ ያለውና ከቱቦው የሚመጣውን ጋዝ የሚቀበለው የጋዝ ቁልፍ ሁለት ብሎኖች አሉት፤ ብረቱ ዙሪያቸውን ተቀጥቅጦ ካልያዛቸው ይላላሉ፣ ጋዝም ያፈስሳል። ቁልፉን በጣት ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። የቦልቱን የጋዝ ቀለበቶች ለመፈተሽ ቦልቱን ወደ ፊት አውጥተው ተሸካሚውን በቦልቱ ፊት ላይ ያቁሙት። በራሱ ክብደት ወደ ታች ከሰመጠ ቀለበቶቹ አልቀዋል። ጋዙን ከበርሜሉ ወደ ቱቦው የሚያሳልፈው የጋዝ ማገጃ የበርሜሉን ቀዳዳ በከፊል ሸፍኖት ወደ ጎን ከዞረ ማንኛውም በፈር አያድነውም። ደካማ የጥፍር ሞላ፣ ያረጀ የካዝና ሞላና የደረቀ ቦልትም እንደ በፈር ችግር መስለው ይቀርባሉ። በተለይ ዘይት። ደርቆ የነከሰን ጠመንጃ ቀለል ባለ በፈር «ያዳነ» ሰው ዘይት ሲያስገባ ሌላ ችግር ይገጥመዋል።

የሰደፉ ሞላም አብሮ ይታይ፤ ርካሽ ነውና ከበፈሩ ቀድሞ ቢቀየርም ያስኬዳል። ሳይጨመቅ ሲለካ የካርቢኑ ሞላ ከ25.6 እስከ 28.6 ሴንቲ ሜትር፣ የሪፍሉ ከ29.8 እስከ 34.3 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከታችኛው ልክ አጥሮ ከተገኘ አልቋል። ጠንካራ ሞላና ከባድ በፈር አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስላሉ፤ ግን ይለያያሉ። ክብደት ጠመንጃው ገና ሲከፈት ያዘገያል፤ ወደ ፊት ሲመለስም ጉልበቱን ይዞ ይሄዳል። ጠንካራ ሞላ ግን መክፈቻው ላይ ያን ያህል ሳይሰማ በመልሱ ላይ ቦልቱን በፍጥነት ይወረውረዋል። ደካማ ካዝና ላለው ጠመንጃ ይህ ፍጥነት አይበጅም። ስፕሪንኮ የተባለው አምራች ሞላዎቹን በቀለም ይለያል፦ ነጩ መደበኛ ኃይል፣ ሰማያዊው ጠንከር ያለ፣ ቀዩ ከዚያም የበረታ ነው። ኤች2 እና ቀዩን ሞላ በአንድ ጊዜ ማስገባት ብዙ ሰው የሚፈጽመው ስህተት ነው። ሁለት ነገር በአንዴ ከተቀየረ የትኛው ምን እንዳመጣ አይታወቅም።

ሙከራው እንዲህ ይካሄድ። ሕጋዊ በሆነ የተኩስ ሜዳ፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ ተደርጎ፣ ሊጠቀሙበት ካሰቡት ጥይት ሁሉ ደካማው ይመረጥ። ብዙውን ጊዜ ርካሹ .223 የልምምድ ጥይት ነው፤ በ5.56 የጦር ጥይት ብቻ የተሞከረ ጠመንጃ ተሞከረ አይባልም። ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ይግባ፣ ይጉረስ፣ ይተኮስ። ቦልቱ በባዶው ካዝና ላይ ወደ ኋላ ተይዞ መቆም አለበት። ይህን ቢያንስ አምስት ጊዜ፣ በተለያዩ ካዝናዎች ይድገሙት። ከዚያ ካዝናው እስከ አፉ ሞልቶ ይተኮስ፤ ሲሞላ ከላይ ያለው ጥይት የቦልቱን ሆድ ስለሚጫን ተጨማሪ ተቃውሞ አለ። ሰደፉን በደንብ ሳይደግፉ፣ በአንድ ትከሻ ለቀቅ አድርገው ይዘውም ይሞክሩ። በመጨረሻ ሳይጸዳ፣ ጥቀርሻው እንዳለ ያው ሙከራ ይደገም። ብርድ ዘይቱን ያወፍራል፤ የጥይቱን ግፊትም ይቀንሳል። በብርድ ወቅት የሚሠራ ጠመንጃ በብርድ መሞከር አለበት።

የእኛ መመሪያ ይህ ነው፦ በደካማው ጥይት ቦልቱን ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚያስይዘውን ከባዱን በፈር ይፈልጉ፣ ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበሉ። ኤች3 ካለፈ ኤች2 ይቀመጥ፣ ኤች2 ካለፈ ኤች። ይህች አንድ ደረጃ ለጥቀርሻ፣ ለብርድና ለክፉ ጥይት የተተወች መጠባበቂያ ናት። ስብስቡን የመረጥነውም ለዚህ ነው። ሦስት በፈር ለየብቻ ገዝቶ ሁለቱን መሳቢያ ውስጥ ከመተው፣ አንድ ቀፎ ይዞ ደረጃውን መውጣትና መውረድ ይቻላል።

ምልክቶቹን ማንበብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በፈሩ ከበደ ማለት ቦልቱ ሙሉ መንገዱን አይጨርስም፤ ቀለሁ ደክሞ አጠገብ ይወድቃል ወይም መውጫው ላይ ቆሞ ይነከሳል፤ ወይም ቦልቱ ከቀጣዩ ጥይት ኋላ ሳይደርስ ተመልሶ ባዶ መጉረሻ ላይ ይዘጋል። በፈሩ ቀለለ ማለት ደግሞ ቀለሁ በኃይል ወደ ፊት ይበራል፣ የቀለሁ ጠርዝ በጥፍሩ ይቧጠጣል ወይም ይቀደዳል፣ ርግጫው ይከርራል። አሳሳቹ የጋራ ምልክት ቦልቱ በመጨረሻው ጥይት ላይ አለመያዙ ነው። ደክሞ መያዣው ጋ ያልደረሰ ቦልትም፣ መያዣው ከመነሣቱ በፊት በፍጥነት ያለፈው ቦልትም ያው ውጤት ያሳያሉ። የሚለያቸው ቀለሁ ነው። በሰዓት አቆጣጠር አፈሙዙን 12 ካደረግነው ከ3 እስከ 4 ተኩል የሚወድቅ ቀለህ ጤናማ ነው፤ ወደ 1 እና 2 የሚወረወር ከልክ ያለፈ ጋዝን፣ ወደ 5 የሚንጠባጠብ እጥረትን ይጠቁማል። ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። የወርዋሪው ሞላ፣ የጥፍሩ ጥንካሬና ቀለሁ የሚጋጭበት ጉብታ ሁሉ አቅጣጫውን ይለውጣሉ። የቀለህ አቅጣጫ ብቻ አይቶ በፈር የሚቀይር ሰው ጥሩ የሚሠራ ጠመንጃ ሊያበላሽ ይችላል።

ክብደቱን መቀየር ሥራው ቀላል ነው። መጀመሪያ ካዝናው ይውጣ፣ ጠመንጃው ይቀባበል፣ መጉረሻው በዓይንም በጣትም ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። የላይኛውና የታችኛው ክፍል ሲለያዩ መዶሻው የተቀባበለ ይሁን። የበፈር መያዣዋ ስፒና ወደ ታች ስትጫን ሞላው በፈሩን ይዞ ሊፈናጠር ስለሚችል በሌላው እጅ ይያዙት፤ ፊትዎን ከቱቦው አፍ ያርቁ። በፈሩን ለስላሳ ነገር ባለበት ሞርሳ አስረው የኋላውን ጎማ የያዘውን የራሱን ስፒና በሚመጥነው የስፒና ማውጫ ይምቱት። የኋላው ጎማ ሲወጣ ክብደቶቹ ይከተላሉ። የጎማ ንጣፎቹ በመካከላቸው ይመለሱ፤ ከጠፉ ክብደቶቹ እርስ በርስ እየተቀጣቀጡ ቀፎውን ያበላሻሉ። ተንግስተኑ ከፊት ይሁን ከኋላ ለጠቅላላ ክብደቱ ለውጥ የለውም። ስፒናው ሲገባ ከቀፎው ወጣ ብሎ እንዳይቀር ይዳሰስ፤ ወጣ ያለ ስፒና የቱቦውን ግድግዳ ይቧጥጣል። ላልቶ የገባ ስፒና በአዲስ ይተካ።

ርዝመት የሚባል ነገር ደግሞ ከክብደት በላይ አደገኛ ነው። የካርቢን በፈር 8.3 ሴንቲ ሜትር፣ የሪፍሉ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የካርቢኑን በረጅሙ የሪፍል ቱቦ ውስጥ ማስገባት ተሸካሚው ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ እንዲሄድ ያደርጋል፤ የጋዝ ቁልፉም የታችኛውን ክፍል አካል ይመታል። ቱቦው፣ በፈሩና ሞላው የአንድ ቤተሰብ ይሁኑ። ተለቅ ያለ ጥይት ለሚተኩሰው የ.308 ጠመንጃ የሚሸጡት በፈሮች ደግሞ ጣጣቸው ሌላ ነው። የካርቢን ቱቦ የሚጠቀሙት አጭር በፈር ይፈልጋሉ፤ ረዘም ያለ ቱቦ ያላቸው መደበኛውን ይወስዳሉ፤ ከውጭ ሲታዩ ግን አይለዩም። ጠመንጃውን የሠራው ኩባንያ ያለውን መከተል ብቻ ነው።

ከስብስቡ ውጭ ያሉትን በአጭሩ። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ኤ5 የተባለው የቭልቶር ኩባንያ የቱቦና የበፈር ሥርዓት ምርጥ ነው ባይ ነን። ቱቦው ከካርቢኑ ትንሽ ይረዝማል፣ የሪፍል ሞላ ይወስዳል፣ በፈሩም ለብቻው ነው፤ ሥራው ለስላሳ ሆኖ ለልዩ ልዩ ጥይት ይመቻል። ያለውን ቱቦ መቀየር ስለሚጠይቅ ግን ጠመንጃው ለተሟላለት ሰው ወጪው አያዋጣም። የጄፒ ኢንተርፕራይዝስ ጸጥተኛው ሥርዓት ሞላውን በዘንግ ላይ አስሮ ከቱቦው ጋር እንዳይፋተግ ያደርጋል። ጆሮ ሰደፉ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው የሞላ ጩኸት ይጠፋል። የሚከፈልበት ለዚያ ምቾት ነው እንጂ ለአስተማማኝነት አይደለም። የሃይድሮሊክ በፈሮች ርግጫን ያለዝባሉ፤ ማኅተማቸው ሲያረጅ ግን ዘይታቸውን ያፈስሳሉ፣ ሥራቸውም ይለወጣል። ሕይወት በሚታመንበት ጠመንጃ ላይ አንገጥማቸውም።

ድምፅ ማፈኛ በተፈቀደበት አገር የሚጠቀም ሰው ወደ መጉረሻው የሚመለሰው ግፊት ስለሚጨምር የከበደ በፈር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የሚስተካከል የጋዝ ማገጃ ከበፈር ይበልጣል፤ ጋዙን ከምንጩ ይቀንሰዋልና። ማፈኛውን የሚያወልቁ የሚያስገቡ ከሆነ ደግሞ ማፈኛው በሌለበት በደካማው ጥይት የሚያልፍ በፈር ይምረጡና ልዩነቱን በማገጃው ያስተካክሉ። ቀዳዳው በጣም የሰፋ ጠመንጃም ኤች3 ተጭኖበት እንኳ ይራገጣል። በዚያ ላይ ክብደት መጨመር ችግሩን ከምንጩ አይፈታውም፤ ማገጃው ይቀየር።

የ9 ሚሊ ሜትር ካርቢኖች በዚህ ግምገማ አይካተቱም። ብዙዎቹ የሚቆለፍ ቦልት ስለሌላቸው ግፊቱን የሚይዘው የቦልቱና የበፈሩ ክብደት ራሱ ነው። በእነሱ ላይ ቀላል በፈር መግጠም ቀለሁ ግፊት እያለ እንዲወጣ ያደርጋልና አይሞከር።

ዕቃው እንደደረሰ ሚዛን ላይ ይውጣ፣ ከተባለው በ5 ግራም በላይ ከጎደለ ይመለስ። የኋላው ጎማ ሳይነቃነቅ ጥብቅ ይበል፤ የፊቱ ብረት ጠርዝ ሹል እንዳይሆን በጥፍር ይሞከር። የተንግስተኑ ቁራጮች ከብረቶቹ እኩል ርዝመት ሊኖራቸው ይገባል። አጭር የሆኑ ከተገኙ ክብደቶቹ ከልክ በላይ ይንሸራተታሉ፤ በጥቂት መቶ ጥይት ውስጥም ንጣፎቹን ይፈጫሉ።